ሻወር ቤት ቧንቧው ይነዝራል፣ ብሬከሩ ግን አይወርድም

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛልና እስቲ የምታውቁ ድረሱልኝ።

ሻወር ቤቴ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ውሃው እየፈሰሰ የሚያሞቀው ዓይነት ነው። ታንክ የለውም። ጎኑ ላይ 5.5 ኪሎ ዋት ይላል። ሰሞኑን ሙቅ ውሃ ከፍቼ የብረቱን መክፈቻ ስነካ ጣቴን ነዘር ያደርገኛል። ኃይለኛ አይደለም፤ እጄ ደረቅ ከሆነ እንዲያውም ብዙም አይታወቅም። ጣቴ ላይ ጭረት ካለ ግን ጉንዳን የነከሰኝ ያህል ይሰማኛል። ማሞቂያውን ሳጠፋው ምንም የለም።

ሁለተኛው ጣጣ ብሬከሩ ነው። ቶሎ ታጥቤ ከወጣሁ ሰላም ነው። ትንሽ ከቆየሁ ግን 20 አምፔሩ ብሬከር ይወርድና ሳሙና እንደተቀባሁ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቅብኛል። ወዲያው ላነሳው ስል እምቢ ይላል፤ ጥቂት ቆይቼ ስሞክር ይነሳል።

ሁለት ባለሙያዎች አይተውታል። አንዱ ማሞቂያው አልቆለታል ቀይረው አለኝ። ሌላው ብሬከሩን በ32 ቀይረን እንገላገል አለ። ስለ መንዘሩ ስጠይቀው ውሃና መብራት ባለበት ትንሽ መንዘር ያለ ነው ብሎኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ገመዱ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ነው። በዚያው መስመር ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ያለ አንድ ሶኬትም ተቀጥሏል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ጥፋቱ የማሞቂያው ነው ወይስ የመስመሩ? ሰው የሚነዝር ኤሌክትሪክ እያለስ ብሬከሩ ለምን ዝም ይላል?

—

መልሱ ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። መሃል ላይ የተዘላለፋችሁም አላችሁ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ሲያነብ እንዳይደክም የተባለውን በየተራው በራሴ ቃል አስቀምጠዋለሁ። ያልተዋጠልኝንም ሳልናገር አላልፍም።

መልስ 1 አጭር ነበር። ሰውዬው ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥ የማሞቂያውን ብሬከር አሁኑኑ እንዳወርድ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ደግሞ ውሃ በድስት አሙቄ እንድታጠብ ነገረኝ። አወረድኩት።

መልስ 2 ትሁት ሰው ነው። ከመፍረዱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀ። ማሞቂያው ላይ የግራውንድ ሽቦ (የሚያፈሰውን ወደ መሬት የሚወስደው) ታስሯል ወይ? የብሬከሮቹ ቦርድ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ ያለው አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ) አለ ወይ? የውሃ መስመሩስ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? መለስኩለት። ማሞቂያው ውስጥ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በብሎን ታስሮ ይታያል። ቦርዱ ላይ ተራ ብሬከር ብቻ ነው የተደረደረው። ቧንቧው ድሮ ብረት ነበር፤ ዝጎ ሲያስቸግር ወደ ፕላስቲክ ተቀይሯል፤ መክፈቻውና አጭር ቁራጩ ብቻ ብረት ሆኖ ቀርቷል።

መልስ 3 ይህችን የፕላስቲክ ነገር አልለቀቃትም። በብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የግራውንድ ሽቦ እስከ ቦርዱ አይደርስም ይላል። ድሮ የገጠመው ሰው ሽቦውን ከብረት ቧንቧው ጋር በማሰሪያ አያይዞት ይሆናል። ቧንቧው መሬት ውስጥ ገብቶ ይሄድ ስለነበር እንደ ግራውንድ ያገለግል ነበር። ቧንቧው ፕላስቲክ ሲሆን ይህ መንገድ ተቆረጠ፤ ሽቦው ግን ማሞቂያው ላይ እንደታሰረ ቀረ። ስለዚህ ማሞቂያው ላይ ሽቦ ማየት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሌላኛው ጫፉ የት እንደሚያልቅ ነው መታየት ያለበት። ያኔ ይህን ሳነብ ትንሽ የተጋነነ መስሎኝ ነበር።

መልስ 4 ወደ ብሬከሩ ሄደ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 5,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር ይሆናል። ብሬከሩ ደግሞ 20 ነው። ብሬከሩ ውስጥ ሲሞቅ የሚጎብጥ ቀጭን የብረት ሰሌዳ አለ። ከአቅሙ ጥቂት ያለፈ ጭነት ሲያገኝ ወዲያው አይወርድም፤ ቀስ ብሎ ይሞቅና ይወርዳል። ካልቀዘቀዘ ደግሞ አይነሳም። ስለዚህ የእኔ ብሬከር አልተበላሸም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ ያለፈ 2.5 ገመድ እንደ አገጣጠሙ ከ20 አምፔር ብዙም የራቀ አይሸከምም። ብሬከሩን ወደ 32 ማሳደግ ማለት ቀድሞ የሚሞቀው ገመዱ ይሆናል ማለት ነው፤ ገመዱ ደግሞ ቀዝቅዞ የሚነሳ ነገር አይደለም።

መልስ 5 ይህንን አረመ፤ እንዲያውም አጠራራው። ለብሬከሮች በወጣው ደረጃ መሠረት ብሬከር ከተጻፈበት አምፔር 1.13 እጥፍ ድረስ ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ ይቆያል፤ 1.45 እጥፍ ከሆነበት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ለ20 አምፔሩ ይህ 22.6 እና 29 ማለት ነው። የእኔ 25 መሃል ላይ ነው የወደቀው። ቦርዱ ሲሞቅ ቶሎ ሊወርድ ይችላል፤ በቀዝቃዛ ቀን ደግሞ ጨርሶ ላይወርድ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ብሬከሩን መተማመን አይገባም፤ ገመዱና ብሬከሩ ከመጀመሪያው ለማሞቂያው ተመጥነው መገጠም ነበረባቸው። ለ25 አምፔር 4 ሚሊሜትር ካሬ ቢያንስ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ 6 ይሻላል ብሎ ጨረሰ። ሶኬቱም ከዚያ መስመር ላይ መነሳት እንዳለበት በቅንፍ ጨምሯል። ሻወር እየታጠብክ ሌላ ሰው ኮሪደር ላይ ካውያ ቢሰካ ምን ሊሆን ነው?

ሁለተኛውን ጥያቄዬን በትክክል የመለሰልኝ መልስ 6 ነው። ሰው 1 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍበት መንዘሩ ይሰማዋል። 10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጡንቻው ይኮማተርና የጨበጠውን ለመልቀቅ ይቸገራል። ከ30 በላይ ሲሆን ትንፋሽና ልብ አደጋ ላይ ናቸው። 20 አምፔር ማለት ደግሞ 20,000 ሚሊ አምፔር ነው። ብሬከሩ ይህንን ሁሉ እስኪያይ ድረስ ሰው አልቋል። ብሬከር የተሠራው ለገመድ ነው፤ ለሰው የተሠራው አርሲዲ ነው። አርሲዲ በፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) የገባውንና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) የተመለሰውን ያወዳድራል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከደረሰ ቢበዛ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ይቆርጣል። ልዩነቱ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ እየሄደ ነው ማለት ነውና።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

መልስ 7 ላይ አንድ ወንድማችን መጣና ይህ ሁሉ ወሬ አያስፈልግም አለ። ማሞቂያው ውስጥ የግራውንዱን ማሰሪያ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር ማገናኘት ይበቃል። እሱ ቤት እንዲህ ከተደረገ ወዲህ መንዘሩ ጠፍቷል። ጎረቤቶቹም እንደዚያው አስደርገዋል። ወጪም የለው፣ ግድግዳ መቦርቦርም የለ።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ተረባረቡበት። 8 በጨዋ ቋንቋ ተው ወንድሜ አለው። 9 ግን እንዲህ የሚመክር ሰው እጁን ከካቻቢቴ ላይ ያንሳ ብሎ ጀመረና ያልሆነ ቃል ጨመረ፤ እዚህ አልደግመውም። ነገሩን ያስረዳው 10 ነው። የኒውትራሉ መስመር አንድ ቦታ ላይ ቢላላ፣ ለምሳሌ ቦርዱ ውስጥ ያለች አንዲት ብሎን ብትፈታ፣ ከፌዝ የመጣው በማሞቂያው በኩል አልፎ መመለሻ ያጣል። ያኔ ኒውትራል የተባለው ሽቦ ራሱ ሙሉ 220 ቮልት ይዞ ይቆማል። የማሞቂያው ብረት ከእሱ ጋር ታስሯል። ማሞቂያው አይሠራም፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ታጣቢው ምን ሆነ ብሎ እጁን ይሰዳል። ፌዝና ኒውትራሉን በስህተት ያቀያየረ ሰው ከገጠመ ደግሞ ብሎን መላላትም አያስፈልግም። ይህንን ሳነብ ጀርባዬን በረደኝ። መንዘሩ የጠፋውም የሚያፈሰው በኒውትራሉ ስለሚመለስ ነው፤ አደጋው ምልክት መስጠቱን አቆመ እንጂ የትም አልሄደም።

7 ተመልሶ መጣ፣ ተናዶ። ለዓመታት ምንም አልሆንኩም ነው ክርክሩ። ይህን ክርክር ያልሰማ የለም፤ ስለ መቀመጫ ቀበቶም የሚነገረው ይኸው ነው። እኔ በበኩሌ ከ10 ጋር ነኝ።

መልስ 11 ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ደህና ደስ የሚል ቅሬታ አቅርቧል። ማሞቂያ ሲገጠም ውሃውን ያገናኘ ሰው ሽቦውንም አገናኝ ይባላል፤ ባለቤቱ ሁለት ሰው መጥራት አይፈልግም። በኋላ የነዘረ እንደሆነ ግን ወቀሳው ለእሱ ነው። የብረት ቧንቧ ቆርጦ ፕላስቲክ ሲቀጥልም ያ ቧንቧ የማንን ግራውንድ እንደያዘ የሚነግረው የለም። 12 ይህንን ከሰማ በኋላ አመስግኖት፣ ግን ቧንቧ ላይ የተጠመጠመ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ያየ ሰው ዝም ብሎ መቁረጥ የለበትም፣ ባለቤቱን ቢያንስ ልብ በል ማለት አለበት አለ። ተስማሙ። በዚህ ክር ውስጥ የተስማሙት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚያ ወሬው መንሸራተት ጀመረ። 13 የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ቆርቆሮ እንደሚነዝራት ጻፈች፤ ሻወር ቤት ስላልሆነ ችግር የለውም ወይ ብላ። መልስ 14 ጥሩ ነገር አስተማረን። ማጠቢያ ማሽን፣ ኮምፒውተርና የመሳሰሉት መግቢያቸው ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ካፓሲተር የሚባሉ ትናንሽ ዕቃዎች አሏቸው፤ አንደኛው ከፌዝ ወደ ብረቱ አካል፣ ሌላኛው ከኒውትራል ወደ ብረቱ። ግራውንድ ከሌለ የብረቱ አካል መሃል ላይ ይንሳፈፋል፣ የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልት ይዞ። የሚያልፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ አምፔር በታች። ስለዚህ የነዘረ ሁሉ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ግራውንዱ የለም ማለት ግን ነው። የሻወር ማሞቂያ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ከሌለው እዚያ ያለው መንዘር ይህ ሰበብ አይሠራለትም።

15 ታዲያ በቴስተር ካቻቢቴ ለይተን ማወቅ አንችልም ወይ አለ። አንችልም። ያቺ ትንሽ መብራት በጣም ጥቂት ነገር ካገኘች ትበራለች። የተንሳፈፈ ብረትም፣ ከፌዝ ጎን ለጎን የሄደ ባዶ ሽቦም ያበራታል። በሌላ በኩል የያዛት ሰው ወፍራም ጫማ አድርጎ ደረቅ ነገር ላይ ከቆመ መብራቷ ደብዝዛ ላትታይ ትችላለች። በቴስተር አለመብራት ተማምኖ ሽቦ የሚነካ ሰው አለ፤ እኔ ባየው እሸሻለሁ። 

መልስ 16 የሚገርም ነው። ይህ ሰው ነገሩን ሁሉ ፍርሃት ነው አለው። እሱ የፕላስቲክ ሰንደል አድርጎ ነው የሚታጠበው፤ ይነዝረዋል ግን ለምዶታል። 17 ሰንደሉን አንድ በአንድ አፈረሰበት። ሰንደሉ ላይም ታቹም ውሃ ነው፣ እግሩም ርጥብ ነው፣ ትከሻው ግድግዳ ይነካል፣ ውሃው ራሱ እስከ ፍሳሹ ድረስ ይወርዳል። ደረቅ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ሊከላከል ይችላል፤ የረጠበ አካል ግን 1,000 ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። 220 ለ1,000 ሲካፈል 220 ሚሊ አምፔር ነው። ዛሬ ነዘር ብቻ የሚያደርገው የሚያፈሰው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ስንጥቅ ነገ ቢሰፋ ሰንደሉ አይጠይቀውም። 18 ደግሞ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ብሎ ብቻ ጽፎ ተወው። 16 አልተመለሰም።

መሃል ላይ ሊጠቀስ የሚገባው 19 ነው። አንዳንዱ ሻወር ራስ ላይ የሚገጠም ማሞቂያ ውስጥ የማሞቂያው ሽቦ ራቁቱን ውሃ ውስጥ ነው፣ ይህ እንዴት ይፈቀዳል የሚል ጥያቄ አነሳ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከፍቼ ያየሁ ቀን ደንግጫለሁ። 20 እንደመለሰው ተራ የቧንቧ ውሃ ከብረት ጋር ሲነጻጸር ደካማ አስተላላፊ ነው፣ ስለዚህ ከሽቦው አምልጦ በውሃው የሚሄደው ትንሽ ነው። ያም ቢሆን ባዶ አይደለም። ለዚህ ነው መውጫው አካባቢ የግራውንድ ብረት የሚቀመጠው፤ ያመለጠውን ሰው ጋ ሳይደርስ ይወስደዋል። ግራውንዱ ካልታሰረ ያ ብረት ጌጥ ነው። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ደግሞ የሚያመልጠው ይበዛል። 20 ሳይጠየቅ ሌላም ጨመረ። እነዚህ ማሞቂያዎች ውሃ ሲገፋው ኮንታክቱን አገናኝቶ ማሞቂያውን የሚያበራ ላስቲክ አላቸው። ያ ላስቲክ በዝቃጭ ተጣብቆ ከቀረ ውሃው ተዘግቶም ማሞቂያው አይጠፋም፤ ውስጡ የቀረችው ውሃ ትፈላለች። ውሃ ከዘጋችሁ በኋላ የሽሽሽ ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ ወደ ማጥፊያው ነው መሄድ።

21 እና 22 ከርዕሱ ጨርሰው ወጡ፤ አንዷ የኤልኢዲ አምፖሏ ከጠፋ በኋላ ለምን ደብዘዝ ብሎ እንደሚበራ ጠየቀች። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን ስለሚቆርጥ ወይም ማብሪያው ራሱ ላይ የምታበራ ትንሽ መብራት ስላለች ሊሆን ይችላል ተባለች። 23 ክሩ የሻወር መሆኑን አስታወሳቸውና ይቅርታ ጠየቁ።

24 ላይ እንደገና ጦፈ። አንዱ አርሲዲ አስገጥሞ በየቀኑ እየወረደ አስቸገረው፤ ኤሌክትሪሺያኑ አውጥቶ በቀጥታ አገናኘለት፤ አሁን ሰላም ነው አለ። ይህንንም ምክር አድርጎ ነው ያቀረበው! 25 ጭስ ሲሸት የሚጮኸውን ጠቋሚ ባትሪውን አውጥቶ ሰላም አገኘሁ የሚል ሰው ካለ እሱን ነው የምትመስለው አለው። ስድቡን ትተን ከዚያ በታች የጻፈው ጠቃሚ ነው። ሁሉንም ብሬከር አውርዶ አርሲዲውን ማንሳት፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያነሱ የትኛው ላይ እንደሚወርድ ማየት። አንዱ ሲነሳ ከወረደ ጥፋቱ እዚያ መስመር ላይ ነው፤ በዚያ መስመር የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ መድገም። ሁሉም ብሬከር ወርዶ እያለ አርሲዲው ተነስቶ ካልቆመ ግን ብዙዎች አርሲዲው ፎርጅድ ነው ይሉና ይጥሉታል። ተራ ብሬከር ፌዙን ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ ኒውትራሉ እንደተገናኘ ነው። አንድ ቦታ ላይ ኒውትራልና ግራውንድ ተነካክተው ከሆነ ብሬከሮቹ ወርደውም አርሲዲው ሊወርድ ይችላል። የ7 ዓይነት አጭር ሽቦ ያለበት ቤት ውስጥ አርሲዲ አልቆም ያለውም ለዚህ ነው። 7 ይህንን አይቶ ይሆን?

26 በሌላ አገር 5 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ እንዳለ፣ አሜሪካም ለመታጠቢያ ቤት ሶኬቶች ከ1975 ጀምሮ በደንቧ ውስጥ እንዳስገባችው ጠቀሰ። እውነት ነው፤ ግን የሶኬት ጉዳይ ነው፣ ለእኔ ማሞቂያ ብዙም አልጠቀመኝም።

አሁን ወደ እኔ። ሦስተኛ ኤሌክትሪሺያን አስመጣሁና የመልስ 3ን ነገር ነገርኩት። ማሞቂያውን አልነካውም። ዋናውን አጥፍቶ መሰላል አቆመና ከሻወር ቤቱ በር በላይ ያለውን የመገናኛ ሳጥን ከፈተ። ከማሞቂያው የመጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ በሌላ ቀዳዳ ወጥቶ፣ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል። ተከትለነው ሄድን። ጫፉ የተቆረጠ የብረት ቧንቧ ላይ ባለች የዛገች ማሰሪያ ታስሯል። ቧንቧው ደግሞ ከየትም አይመጣም፣ የትም አይሄድም፤ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከቦርዱ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። መልስ 3 እቤቴ የገባ ነበር የሚመስለው።

ሳጥኑ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። ፌዙ በማያያዣ አልታሰረም፤ ሁለት ጫፎች ተጠማዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ፕላስተሩ ቀልጦ ቡናማ ሆኗል። ሰውዬው ከመገናኛው ራቅ ብሎ የሽቦውን ሽፋን በጣቱ ጫን ሲለው ተሰባብሮ ረገፈ። የላላ መገናኛ መንገዱን ያጠብበዋል፣ ሙቀቱም እዚያችው ነጥብ ላይ ይጠራቀማል። 25 አምፔር ሲያልፍ ያቺ መገናኛ ራሷ ትንሽ ማሞቂያ ሆና ነበር። ብሬከሩ 32 ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያ ሳጥን ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ከቦርዱ አዲስ ባለ ሦስት ሽቦ 6 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ተሳበ፣ መሃል ላይ መገናኛ ሳይኖረው። ለዚህ ገመድ 32 አምፔር ብሬከር ይስማማዋል። ሶኬቱ የራሱን መስመር አገኘ። ከሻወር ቤቱ ውጪ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ ማጥፊያ ገባ፤ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲም ተጨመረ። ሲያልቅ ማሞቂያው ተከፈተ፤ አርሲዲው በቅጽበት ወረደ። በድጋሚ፤ አሁንም ወረደ። ማሞቂያው ተፈትቶ በ500 ቮልት ሜገር (ኤሌክትሪክ ማፍሰሱን በሚለካ መሣሪያ) ሲለካ ከ1 ሜጋኦም እጅግ ያነሰ ነው የወጣው፤ ውስጡ በእርግጥ ያፈሳል። ስለዚህ ማሞቂያውን ቀይር ያለኝ የመጀመሪያው ሰውም አልዋሸም። ግን እሱን ብቻ ሰምቼ ቀይሬ ቢሆን መንዘሩ ይጠፋና ግራውንድ የሌለው ቤት ውስጥ ቀጣዩ ማሞቂያ እስኪሰነጠቅ በሰላም እታጠብ ነበር። የማሞቂያው የውስጥ ዕቃ ተቀየረ፤ አሁን አርሲዲው ሳይወርድ ይቆያል፤ ቧንቧውም አይነዝርም።

ይህንን ከጻፍኩ በኋላ ጥቂት መልስ መጥቷል። 27 ቦርዱ ላይ ያለው ግራውንድ መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር መገናኘቱን አስለክተሃል ወይ አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተለክቷል። ምክንያቱንም አስረዳ፤ በዘንግ ብቻ ግራውንድ የሆነ ቤት ውስጥ የዘንጉ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚከላከልበት መጠን) 50 ኦም ነው ብንል፣ ፌዝ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ቢነካ እንኳ የሚያልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። ተራው ብሬከር ይህንን ቁብ አይለውም፤ አርሲዲው ግን ወዲያው ይቆርጣል። ግራውንድ ስላለኝ አርሲዲ አያስፈልገኝም የሚል ሰው ይህችን ያንብባት። የተገላቢጦሹም አለ። አርሲዲ ኖሮ ግራውንድ ከሌለ የሚያፈሰው ሁሉ መንገድ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ መንገዱ ደግሞ ቧንቧውን የሚነካው ሰው ነው።

28 ታንክ ያለው ማሞቂያ ይሻላል ወይ ብላለች። ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ዋት ስለሆኑ ከ7 እስከ 9 አምፔር ነው የሚስቡት፣ ለመስመሩ ይቀላሉ። ለግራውንድና ለአርሲዲ ግን ልዩነት የለም። ታንኩ ሳይሞላ እንዳታበሩት ብቻ፤ የውስጡ ማሞቂያ ውሃ ካልሸፈነው ይቃጠላል።

29 አሮጌው 2.5 ገመድ ግድግዳ ውስጥ ከቀረ ለመብራት መጠቀም ይቻላል ወይ አለ። የከሰለው ጫፍ ደህና ሽፋን እስኪገኝ ተቆርጦ፣ በሜገር ተለክቶ፣ 10 አምፔር ብሬከር ከተሰጠው ይቻላል አሉት። የእኔ ግን ግድግዳ ውስጥ የለም፤ ቱቦው ስለጠበበ አዲሱ እንዲገባ አሮጌው ተስቦ ወጥቷል። 30 መዳቡን ከጣልከው ለእኔ ስጠኝ ብሏል። ወንድሜ ዘገየህ፤ ደህናውን ኤሌክትሪሺያኑ ጠቅልሎ ወስዶታል።